በጋዜጣ መካከል ያበበችው ተክል

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ የማስተርስ ማሟያ ጽሑፌን ላስረክብ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ነው። እስካሁን ትዝ ባለኝ ቁጥር አፍራለሁ፤ ሳቄም ይመጣል።

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። አርባ ምንጭ የሄድኩት ስለ ዕፅዋት ለማጥናት ነው። ከምዕራብ ዓባያ በላይ ካለ ድንጋያማ ዳገት ላይ ቅጠሏ ውሃ የቋጠረ፣ ከስንዝር የማትበልጥ ተክል አገኘሁ። አበባ አልነበራትም። በቅጠሏ ብቻ ፈርጄ ክራሱላ ከሚባለው ወገን መደብኳት። ክራሱላን እዚያ አካባቢ የመዘገበ ሰው ስላላገኘሁ ልቤ አበጠ። እየጻፍኩት የነበረውንም ጽሑፍ በእሷ ላይ አቆምኩት።

መንገዱን ያሳዩኝ ከዳገቱ ሥር ሙዝ የሚያለሙ ወይዘሮ አስቴር የሚባሉ ሴት ነበሩ። ተክሏን አይተው፣ «ይሄ እንዳሁላ ነው፣ ትንሹ ዓይነት። ሲያብብ አበባው አራት ቅጠል ነው ያለው» አሉኝ።

እንዳሁላና ክራሱላ የአንድ አስተኔ፣ ማለትም የአንድ ሰፊ ቤተሰብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ወገናቸው ግን ይለያያል። የክራሱላ አበባ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ቅጠል አለው። በትህትና ራሴን ነቀነቅኩ እንጂ አልሰማኋቸውም። የተማርኩት እኔ ነኛ።

እንዲህ ያለ ተክል ለናሙና በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ከመድረቁ በፊት የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር ተደርጎ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ቶሎ አይሞትም። እኔ ደስታው አስቸኩሎኝ ረሳሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወረቀት ላይ ልለጥፋት ጋዜጣውን ስገልጥ ተክሏ በሕይወት አለች። ግንዷ ነጥቶ ወደ ጎን ተስቧል፤ ልብ ያላልኩት እምቡጥ ከጫፏ ላይ ፈክቷል። የአበባውን ቅጠሎች ቆጠርኩ፤ አራት። በአጉሊ መነጽር ደገምኩ፤ አራት።

ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ብጥላት የሚያውቅ የለም። እውነቱን ልናገር፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል አስቤዋለሁ።

በመጨረሻ ጋዜጣውን ይዤ አማካሪዬ ዘንድ ሄድኩ። ግኝቴ ተራ እንዳሁላ ሆነ፤ ጽሑፉን እንደ አዲስ መጻፍ ነበረብኝና ምረቃዬም ለከርሞ ተላለፈ። አለቀስኩ።

ወይዘሮ አስቴርን ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ አልተቆጡም።

«እኔ ስነግርሽ አላመንሽም፤ አበባው ሲነግርሽ አመንሽ» ብለው ሙዝ አቀረቡልኝ።

ያ ዓመት ዛሬ አይቆጨኝም። ተክሏን በወጉ ገድያት ቢሆን ኖሮ በስሜ የተመዘገበ ውሸት ይኖረኝ ነበር።