ባለቤቴን የጻፈችው ሕንዳዊት

ልጃችን ከትምህርት ቤት አንድ ልቦለድ ይዛ መጣች። የጻፈችው አሜሪካ ተወልዳ ያደገች የሕንድ ዘር ያላት ሴት ናት። አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ እኔ ልብስ ሳጣጥፍ፣ ልጄ እየሳቀች ታነብልኛለች። በልቦለዱ ውስጥ ያለው አባት ሪሞቱን እንዳይቆሽሽ በፕላስቲክ ይጠቀልላል። ሬስቶራንት ሲገባ የራሱን ቃሪያ በኪሱ ይይዛል። አገር ቤት ሲደውል ደግሞ ድምፁ የሚደርሰው በጉሮሮው ኃይል ይመስል ሰፈሩን ያናውጠዋል።

"ማሚ፣ ዲስ ኢዝ ሶ ዳዲ!" አለች፤ ቁርጥ አባዬን ነው ማለቷ ነው።

ባለቤቴ መሃል ከተማ ካለው የፓርኪንግ ሥራው ገና መግባቱ ነበር። መጽሐፉን ነጥቋት እንደቆመ ጥቂት ገጽ አነበበ።

"ይቺ ሴትዮ የት ነው ያየችኝ?"

"ሰውየው እኮ ሕንዳዊ ነው" አልኩት።

"አገሩን ቀይራው ነዋ! አንድ ቀን መኪናዋን ፓርክ ስታደርግ አውርቻት ይሆናል።"

ደራሲዋ ቤተ መጻሕፍት መጥታ አንባቢዎችን እንደምታነጋግር ሲሰማ የሰርግ ሱፉን ለበሰ። ደግነቱ ጠበቃ አልያዘም። የጥያቄ ሰዓት እንደደረሰ ብድግ አለ።

"እህቴ፣ መጽሐፍሽ ውስጥ ያለው አባት እኔ ነኝ። የሪሞቱን ነገር ማን ነገረሽ?"

እሷ ሳትመልስ ከፊት የተቀመጠ ሜክሲኳዊ ተነሳ። "ይቅርታ ወንድሜ፣ ሰውየው እኔ ነኝ። ሚስቴን ጠይቃት።" ሁለቱ መከራከር ሲጀምሩ አንዲት ቬትናማዊት እናት እጃቸውን አወጡ። "ሰውየው የሞተው ባሌ ነው፤ እባካችሁ አትጣሉበት" አሉ።

ደራሲዋ ሳቋን እየታገለች፣ "የጻፍኩት የገዛ አባቴን ነው። ያውላችሁ፣ ከኋላ ተቀምጠዋል" አለች።

ሁላችንም ዞርን። ወፍራም ሹራብ የለበሱ ሽማግሌ ወንበር ተደግፈው ተነሱ።

"እኔ አይደለሁም" አሉ። "በሕይወቴ ሪሞት ጠቅልዬ አላውቅም።"

"አባዬ! በዓይኔ እያየሁ ነው ያደግኩት!"

"እናትሽ ነበረች።"

ደራሲዋ ማይክሮፎኑን አስቀምጣ መጽሐፏን ማገላበጥ ጀመረች። ቬትናማዊቷ እናት ብቻ፣ "አየሽ፣ አባትሽ እንዳልሆኑ ታውቋል" ብለው ረክተው ተቀመጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ የሱፉን ኮት አውልቆ ነዳ። ተሸነፈ መሰለኝ። እሱ ግን ይባስ ብሎ በማግስቱ ልጃችንን አስቀምጦ ያላነበበውን የመጽሐፉን ክፍል ሁሉ አስነበባት። በመጨረሻው ምዕራፍ አባትየው በረዶ ሲጠርግ ወድቆ ይሞታል። ልጄ መጽሐፉን ከደነችና አባቷን በስስት አየችው።

እሱ መጽሐፉን ከእጇ ወስዶ ራቅ አድርጎ አስቀመጠው።

"እንግዲያው ሰውየው ሜክሲኳዊው ነው" አለና እጁን ሊታጠብ ተነሳ።