የካሴቱ ሁለተኛ ፊት

ልጅ ሳለሁ ጌጃ ሰፈር በነበረው ግቢያችን ውስጥ እንግሊዝኛ አዋቂዋ እኔ ነበርኩ። አዋቂ ስል ዘጠነኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ የፈረንጅ ዘፈን እየሰማሁም በአማርኛ ፊደል ደብተር ላይ እገለብጣለሁ ማለቴ ነው። ያንን ደብተር ዛሬ ባገኘው በሳቅ እሞታለሁ። ግማሹ ቃል እንግሊዝኛም አይደለም፣ አማርኛም አይደለም፤ የጆሮዬ ፈጠራ ነው። ግን በግቢው ውስጥ የሚያርመኝ ሰው ስላልነበረ አንገቴን ቀና አድርጌ እዘፍነው ነበር።

የድርቁ ጊዜ ነው። አንድ ቀን የዓለም ዘፋኞች ተሰብስበው ለእኛ ዘፈኑ የሚል ወሬ ከሜክሲኮ አደባባይ ተነስቶ ሰፈራችን ገባ። እነዚያ ከመጽሔት ገንጥዬ ግድግዳ ላይ የለጠፍኳቸው፣ ፀጉራቸው የተንጨባረረው ሰዎች አንድ ላይ ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ዘፈኑ ተባለ። ደስ አለኝ፤ አፈርኩም። እኔ የማውቃቸው በጭፈራ ነው፤ እነሱ ያወቁን በረሃብ። ያ ነገር ለብዙ ቀን ከነከነኝ። ቢሆንም ዘፈኑን ሳልሰማው መቅረት አልፈለግኩም።

ባዶ ካሴት ይዤ ሜክሲኮ አጠገብ ወደነበረ ሙዚቃ ቤት ሄድኩ። ያኔ የሚፈለገው ዘፈን ወረቀት ላይ ተጽፎ ይሰጣል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ተቀድቶ ይጠብቃል። ባለቤቱ አንድ አመል ነበረው፤ የካሴት ባዶ ፊት አይወድም። አንድ ዘፈን ብቻ ቢታዘዝ እንኳ ሌላውን ፊት ራሱ ደስ ባለው ዘፈን ይሞላዋል። «ባዶ ካሴትና ባዶ ሞሰብ ለእንግዳ አይቀርብም» ይላል። እኔም የዘፈኑን ርዕስ በእንግሊዝኛ መጥራት አፈርኩና «ያንን ለእኛ የዘፈኑትን» አልኩት። «ለእኔስ የዘፈነልኝ የለም፤ ለአንቺ ከሆነ እንጃ» ብሎ ሳቀብኝ። ግን ቀዳልኝ።

እሑድ ከሰዓት አባቴ ቴፑን መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፤ ግቢው በሙሉ ተሰበሰበ። ከሁሉ ፊት የተቀመጡት እትዬ ነበሩ። እትዬ ከወሎ ድርቁ ያመጣቸው ሴት ናቸው፤ የግቢያችንን የጥግ ክፍል ተከራይተው ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ይሠሩ ነበር። የሰባት ዓመት ልጃቸውን «እህል ይዤ እመለሳለሁ» ብለው እናታቸው ዘንድ ትተዋት ነው የመጡት። ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ወሬ የለም። ልሂድ ባሉ ቁጥር እናቴና ጎረቤቶቹ «እዚያ ማን ተርፎ? አንቺም መንገድ ላይ ልትቀሪ ነው?» እያሉ ያስቀሯቸዋል። እትዬም ልጃቸውን እንደ ሞተች አላለቀሱላት፣ እንዳለችም አልፈለጓት። ከየት ነዎት የሚላቸው ሲመጣ «ከላይ» ብቻ ይሉ ነበር። ያገራቸውን ስም ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም።

ካሴቱን ከተትኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ሰዉ አንገቱን ደፋ። እኔ ደረቴን ነፍቼ መተርጎም ጀመርኩ፤ «ወንድሞቻችን ተርበዋል፣ እህል እንላክላቸው ነው የሚሉት» አልኩ። በልቤ ግን ግራ ገብቶኛል። ብዙ ናቸው የተባሉት ዘፋኞች የት ሄዱ? የሚሰማኝ የአንድ ሰው ድምፅ ነው። ሌሎቹ ኋላ አዝማቹ ላይ ይገቡ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አዝማቹ ሲደርስ ዘፋኙ «ሃይ!» ብሎ ጮኸ፤ ከበሮው «ቅ!» ብሎ ተቀበለው።

እትዬ ተስፈንጥረው ተነሱ። «ሐይቅ! አገሬን፣ ሐይቅን ጠራ! ሰማችሁ?»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ሐይቅ አለ?» አለኝ አባቴ።

አላለም ማለት እችል ነበር። ግን አላውቅም ማለት ለኔ ሞት ነው፤ የእትዬ ፊት ደግሞ ከመጡ ጀምሮ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። «አዎ፣ ብሏል» አልኩ።

«ሐይቅን ምን አላት?» እትዬ እጄን ጨበጡኝ።

«ሐይቅ ሰው አለ፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ነው የሚለው።»

ይህን ከየት እንዳመጣሁት እስካሁን አላውቅም። በማግስቱ እትዬ ቀበሌ ሄደው የይለፍ ወረቀት ጠየቁ። እናቴ ለመነቻቸው፣ ተቆጣቻቸው። «ፈረንጅ ከባሕር ማዶ ሆኖ ሲጠራት እኔ እናቷ ልቀመጥ? አብሽሪ፣ አላህ አለ» አሉና በሳምንቱ ጭነት መኪና ላይ ተሳፈሩ።

እሳቸው በሄዱ ማግስት ካሴቱን ሳወጣ ፊቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አየሁት። ያጫወትኩት ሁለተኛውን ፊት ነው። ገለበጥኩት። ዘፋኞቹ እዚያ ነበሩ፣ ሁሉም፣ እየተቀባበሉ። ሰባት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት፤ ሐይቅ የሚል የለበትም። መልሼ ያኛውን ፊት መዝገበ ቃላት ይዤ ሰማሁት። ግቢው ነጠላውን ነክሶ ያለቀሰው ለካ ፍቅረኛው ለከዳችው ለአንድ ፈረንጅ ነው።

ከዚያ በኋላ እህል ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። እትዬ መንገድ ላይ ቢቀሩ ገዳያቸው እኔ ነኝ። እናቴ ብርድ መትቷት ነው ብላ ዳማከሴ አጠጣችኝ። እኔ በጠዋት ተነስቼ ልደታ ማርያም ሄድኩና ለሙስሊሟ እትዬ ተሳልኩ፤ በሰላም ከመለስሻቸው እውነቱን እነግራቸዋለሁ አልኩ።

በአምስተኛው ሳምንት የግቢው በር ተከፈተ። እትዬ ጠቁረው፣ ከስተው ገቡ። ቀሚሳቸውን የያዘች፣ ዓይኗ ብቻ የቀረ ልጅ ከኋላቸው ነበረች። አያቷ ከሞቱ ቆይተዋል። ልጅቷን ጎረቤት አስጠግቷት፣ ኋላም የሚበላ ሲጠፋ ዘመድ ከሌላቸው ልጆች ጋር ወደ ሌላ አገር ልትወሰድ ተመዝግባ ነበር። ሦስት ቀን ቢዘገዩ አያገኟትም ነበር። ግቢው እልል አለ፤ እትዬም እኔን ደረታቸው ላይ አስጠግተው «ሰው አለ፣ ይጠብቃል ብለሽኝ!» እያሉ አለቀሱ። እንግዲህ በዚያ ሰዓት ምን ይባላል? ስለቴን ዋጥኩት። ዝም አይነቅዝም ብዬ አርባ ዓመት ያህል ዝም አልኩ።

ግቢያችን ከፈረሰ ቆየ። አሁን እኔም እትዬም ልደታ ኮንዶሚኒየም ነን፤ ከአንዱ ብሎክ ወደ ሌላው እንጠያየቃለን። ሙዚቃ ቤቱ የስልክ ቀፎ መሸጫ ሆኗል። በቢክ እስክሪብቶ ካሴት ማጠንጠን፣ የተጠላለፈ ክር እፍ እያሉ መፍታት፣ ይኼ ሁሉ ለልጆቼ ተረት ነው። እኔን ግን ይናፍቀኛል፤ አንድ ዘፈን ለመስማት ሳምንት መጠበቁ ራሱ ይናፍቀኛል። የዛሬ ዘፈን ስትጠራው ይመጣል፤ ሁለተኛ ፊትም የለው።

ባለፈው ወር እትዬ «ያንን የሐይቅን ዘፈን ስልክሽ ላይ አታገኚልኝም?» አሉኝ። አገኘሁት። ስከፍተው ግጥሙ ከሥር እየተጻፈ ይሄዳል። ያንን እያየሁ ዳግመኛ መዋሸት አቃተኝ።

«እትዬ፣ ሐይቅ አላለም» አልኩ። ከሙዚቃ ቤቱ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ታዲያ ሰውየው ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«ፍቅረኛው ትታው ሄዳ።»

«ምስኪን!» አሉና ትንሽ ሳቁ። ቀጥለው ፊታቸው ጠና። «ሐይቅ ሰው አለ ያልሽኝስ?»

«የፈጠርኩት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

የተቀየሙኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን እጄን ሳብ አድርገው በሹክሹክታ «ለልጄ እንዳትነግሪያት» አሉኝ። «ዓለም ሁሉ ጠርቶኝ ተረፍኩ ብላ ነው ያደገችው። ያንን አትንሺያት፣ በሞቴ።» ማልኩላቸው።

ልስናበት ስነሳ ልጃቸው ከሥራ ገባች። ዛሬ ነርስ ናት፣ የልጆች እናት ናት። ልትሸኘኝ ደረጃውን አብራኝ ወረደች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ቆመች።

«ዓይንሽ ቀልቷል። ለእማዬ ነገርሻት አይደል?»

«ምኑን?» አልኩ፤ መሐላው ገና ከአፌ አልደረቀም።

«ተይ እንግዲህ። እንግሊዝኛ እኮ ከቻልኩ ቆየሁ። ኮሌጅ የገባሁ ዓመት ዘፈኑን ስሰማው ነው የገባኝ፤ እማዬ እንዳይከፋት ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ። «ያን ቀን እኔን የጠራኝ ዓለም አይደለም፤ አንቺ ነሽ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እሷም አጠገቤ ተቀመጠች።