የመርከብ እንግዶችን የጠበቀ ቤት

መርከብ አይቼ አላውቅም። ባሕርም አይቼ አላውቅም። የማውቀው ውኃ ጫሞና ዓባያ ነው፤ የምሳፈረውም ሞተሩ በየመንገዱ የሚያስነጥሰውን ጀልባ ነው። የእናቴን ቤት ያፈረሰው ግን መርከብ ነው። ይህን ስናገር ጓደኞቼ ይስቃሉ። ይሳቁ።

ሥራዬ አርባ ምንጭ ነው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ፣ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ቆሜ እግሬ ሲዝል አስጎብኚ ሆንኩ። ጠዋት ፈረንጆቹን በጀልባ አሳፍሬ የአዞ ገበያ ወደምንለው የጫሞ ዳርቻ እወስዳለሁ። ገበያ የተባለው አዞዎቹ እንደ ገበያተኛ ተሰብስበው ፀሐይ ስለሚሞቁ እንጂ የሚሸጥ የሚለወጥ ነገር ኖሮ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ዶርዜ፣ ወደ ተወለድኩበት ሰፈር እንወጣለን። በገዛ እናት ፊት ቆሞ «ይህች ሴት እንሰት ትፍቃለች» ብሎ ማስረዳት ምን እንደሚመስል የሠራው ያውቀዋል። እናቴ ግን አትቀየመኝም ነበር። እንግዳ ሁሉ የእግዜር እንግዳ ነው የምትል ሴት ናት።

ቤታችንን ላላየ ልንገረው። የዶርዜ ቤት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተጎንጉኖ ይቆማል። ከፊቱ ወጣ ያለው መግቢያ የዝሆን ግንባር ይመስላል። መሬት የነካውን ጫፍ ምስጥ ይበላዋል፤ ሲበላ ቤቱ አይፈርስም፣ የተበላው ከሥር ይቆረጥና ዝቅ ይላል። ሲሠራ ረጅም የነበረው ቤት እንዲህ እያጠረ እያጠረ ከባለቤቶቹ ጋር ያረጃል። ቦታ መለወጥ ያሰኘው ሰውም ጎረቤቱን ጠርቶ ቤቱን እንዳለ አሸክሞ ይሄዳል።

ይህን ቤት በዕድሜ የሚያቆየው ጭስ ነው። እሳቱ መሃል ላይ ይነዳል፤ ጭሱ እያደር ቀርከሃው ውስጥ ይሰርግና ያጠቁረዋል፤ ያኔ ነቀዝ አይደፍረውም፣ እርጥበትም ቶሎ አያበሰብሰውም። የእናቴ ቤት ውስጡ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ነበር። ልጅ ሆነን ግድግዳውን ተደግፈን ትምህርት ቤት ስንሄድ መምህሩ ሸሚዛችንን አይቶ የማን ልጆች እንደሆንን ያውቅ ነበር።

ቤቱ የተሠራው እናቴ ስታገባ ነው። እኔንና እህቴን የወለደችው እዚያ ነው። ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እዚያ ቤት ውስጥ መሞት። ይህን የምትናገረው በሐዘን አልነበረም፤ ሰው ነገ የት እንደሚውል በሚናገርበት ድምፅ ነበር። ቤቱ በተቆረጠ ቁጥር ትገባና ጣሪያውን ቀና ብላ አይታ «ለእኔ ይበቃል» ትላለች። አባቴም ይስቃል። ጎረቤትም ይስቃል። እኔ ግን የምሯን እንደሆነ አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ የጉዞ ወኪል ይዤ ወደ ቤታችን ወጣሁ። አፉ ማር የሆነ ሰው ነበር። ፎቅ በፎቅ ላይ የተደራረበ አንድ ትልቅ መርከብ ጅቡቲ ወደብ ሊቆም ነው አለን። ተሳፋሪዎቹ ጡረታ የወጡ ባለጠጎች ናቸው። ለአንድ ቀን ብቻ ከመርከቡ ይወርዱና በልዩ አውሮፕላን አርባ ምንጭ ያርፋሉ፤ አዞ ያያሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ዶርዜ ይወጣሉ፣ ራታቸውን ተመልሰው መርከባቸው ላይ ይበላሉ። «መርከቡ በተመላለሰ ቁጥር እነሱም ይመላለሳሉ» አለ። ያስቸገረው የእንግዶቹ ጉልበት ነበር። ወደ ቤታችን የሚያስገባው የእንሰቱ መሃል መንገድ አቀበት ነው፤ ሲዘንብ ደግሞ ያዳልጣል። አውቶቡሱ ከሚቆምበት አጠገብ ያለው ሁሉ ቆርቆሮ ቤት ነው። ቆርቆሮ ለማየት ደግሞ ማንም ባሕር አያቋርጥም።

አባቴ ሸማኔ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ጋቢ ሲሠራ ኖሮ፣ ገዢው እየሳሳ ሲሄድ ዝም ብሎ ያይ ነበር። ያን ቀን ዓይኑ ሲበራ አየሁ፤ እንዲያ ሲበራ ካየሁት ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

«አባታችን፣ መንገዱ ዳር እንዲህ ያለ ቤት ያለው ሰው ያውቃሉ?» አለው ወኪሉ።

«ጌታዬ፣ ቤቱ ከጠፋ የእኛን እናወርደዋለና» አለ አባቴ።

ወኪሉ የቀለደ መስሎት ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

«አባባ፣ ያረጀ ቤት ነው፤ ሲነሳ ሌላ ቁራጭ ይቀነስለታል» አልኩት።

«አንተ አዞህን አሳይ» አለኝ።

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ፊቱ ወዴት ይሆናል?» አለች። ቤታችን ጀርባውን ከሐይቆቹ በኩል ገደሉን ይዞ ለሚወጣው ነፋስ፣ ፊቱን ለእንሰቱ ሰጥቶ የቆመ ነበር። ወኪሉ ግን የዝሆኑ ግንባር ከአውቶቡሱ መስኮት እንዲታይ ፈለገ። መንገዱ በነፋሱ በኩል ነው። አባቴ «ፊቱ ወደ እንግዳ ይሆናል» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለምእመናኑ ተነገረ፤ በማግስቱ ወንዶቹ መጡ። ቀርከሃውን ከአፈሩ በላይ ቆረጡት፣ ዙሪያውን እንጨት አሰሩለት፤ ግማሹ ከውስጥ ግማሹ ከውጭ ሆኖ እየዘፈነ አነሳው። ቤት በእንሰት መሃል ሲራመድ ማየት ደስ ይላል፤ ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው። እናቴ ከኋላ ከኋላ በገል ላይ ፍም ይዛ፣ በአመድ ሸፍና ትከተል ነበር። ቤት ሲዛወር እሳቱም አብሮ ይዛወራል፤ ወጉ እንደዚያ ነው።

ቤቱ ተተክሎ ፍሟን ይዛ ልትገባ ስትል አባቴ በሩ ላይ አስቆማት። ጭሱ የእንግዶቹን ዓይን ያቃጥላል፣ አስም ያለባቸውም አሉ ብሎ ወኪሉ ነግሮት ነበር።

«እሳቱን ማድቤት አድርጊው» አላት።

«ቤቱስ?»

«ለጊዜው ነው።»

ፍሙን በአመድ መልሳ አለበሰችው። ከዚያ ገሉን ይዛ ከጎን ወደተሠራችው የቆርቆሮ ማድቤት ዞረች። አባቴ ቀርከሃ ያለ ጭስ እንደማይሰነብት ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በደንብ ያውቃል። ግን ጭስ ነገ ይደርሳል፣ እንግዳ ግን ዛሬ ያመልጣል ብሎ አሰበ። እኛ ሰፈር እንግዳ ከተባለ ባለቤቱ ደጅ ያድራል፤ እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሠራ ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

መጡ። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ አንድ ጊዜ መጥተዋል። ከአውሮፕላን ማረፊያ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ሰፋፊ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ሳቂታ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ጫሞ ላይ አዞዎቹን ትተው መሄድ አልሆንላቸው አለ፤ ዶርዜ ስንደርስ ጉሙ ወርዶ የመንገዱ ዳር እንኳ አይለይም። ለፎቶ ተብሎ የዞረው የዝሆን ግንባር ከአውቶቡሱ ጨርሶ አይታይም ነበር። ወኪሉ ሰዓቱን እያየ ቶሎ ቶሎ ይላል።

እናቴ አዲስ ልብስ ለብሳ በሩ ላይ ተቀምጣለች። አንዲት ምርኩዝ የያዘች አሮጊት ከሁሉ ቀድማ ገባች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰች። አዲስ ምንጣፍ የተነጠፈበትን፣ አመዱ ተጠርጎ የጠፋበትን የእሳት ቦታ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ በደግ ፊት ጠየቀችኝ። በጣም ያምራል፣ ለጎብኚ ማሳያ የተሠራ ነው? ሰዎቹስ የሚኖሩት የት ነው? አለችኝ።

«እዚሁ ነው የሚኖሩት፤ ይህች እናቴ ናት» አልኳት።

ፈገግ አለች። ሥራዬን እየሠራሁ እንደሆነ የገባት ሰው ፈገግታ ነበር።

«ምን አለች?» አለችኝ እናቴ።

ልዋሻት እችል ነበር። አስጎብኚ ሲዋሽ ነው የሚውለው። እሷን ግን መዋሸት አልቻልኩም፤ እንዳለ ነገርኳት።

«እውነቷን ነው» አለች እናቴ፤ ተነስታም አሮጊቷን ደግፋ ከደፉ አወረደቻት።

ቆጮው ተቆረሰ፣ ዳጣው ተቀመሰ፣ አንዳንዱ ዓይኑ አለቀሰና ተሳሳቀ፤ ጥቂት ፎጣ ተገዛ፤ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተነፋ። እጃቸውን እያውለበለቡ ጉሙ ውስጥ ገቡ። አባቴ በደስታ ትከሻዬን መታኝ። «መጡ አይደል?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ወኪሉ መጀመሪያ ዘገየ አለ። ቀጥሎ ባሕሩ ሰላም የለውም፣ መርከቡ መንገድ ለውጦ አፍሪካን በወዲያ በኩል ሊዞር ነው አለ። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። እኔ በዚያው ቁርጤን አወቅሁ። አባቴ ግን ሬዲዮ ጀመረ። ቀይ ባሕር በየት በኩል እንደሆነ እንኳ የማያውቅ ሰው የሽመና መወርወሪያውን ትቶ የባሕር ወሬ ሲያዳምጥ ይውላል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እያልኩ አበሽቀው ነበር። «ባሕር ነው፣ ይረጋል» ይለኛል። በየጠዋቱ ደጁን ይጠርጋል። እናቴ እሳቷን ላስገባ ባለች ቁጥር «ዛሬ ቢመጡስ?» ይላታል። ከመስቀል በኋላ ይመጣሉ አለ። መስቀል አለፈ። ከገና በኋላ አለ፤ ገናም አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ብወጣ እናቴ መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። ከምንጣፉ ላይ የጠረገችው እንደ ጤፍ ዱቄት የደቀቀ ነጭ ነገር ነበር።

«ነቀዝ ነው፤ ማታ ማታ ሲቆረጥም እሰማዋለሁ» አለችኝ።

ያን ቀን አባቴን ሳትጠይቅ እሳቱን አስገባች። አባቴም አላቆማትም፤ ፊቱን አዙሮ ወደ ሽመናው ገባ። ግን ቤቱ ፊቱን ለነፋስ ሰጥቷል። ነፋሱ በበሩ ይገባል፣ ጭሱን ጠርጎ ያወጣዋል፣ አንዳንዴም ፍሙን እስከ ግድግዳው ይበትነዋል። ቤቱ እንዳይቃጠልባት ፈርታ በራሷ እጅ አጠፋችው። እንደገና ሞከረች፤ እንደገና አጠፋችው። በሩን በእንሰት ቅጠል ብትጋርደው ነፋሱ ቀዳደደው።

የሰፈሩን ቤቶች የሚያቆመውን አናጺ ጠራነው። ግድግዳውን በጣቱ ቢጫን ጣቱ ገባ። ጤነኛው ጋ እስኪደርስ ብንቆርጠው በሩ ለበግ ብቻ የሚበቃ ይሆናል አለ። ወደ ድሮ ቦታው እንመልሰው ብላ እህቴ ጠየቀችው። ሲነሳ እጅ ላይ ይበተናል አለ፤ ደግሞስ ማን ያነሳዋል? ያኔ ዘፍነው የተሸከሙት ልጆች ግማሾቹ አዲስ አበባ ሽመና ገብተዋል፣ የቀሩት ቆላ ወርደው ኩልፎ ወንዝ ዳር የሰው ሙዝ ያጠጣሉ። አናጺው ሲሄድ «ምነው ቀድማችሁ ብትጠሩኝ» አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አባቴ ያን ዕለት አለቀሰ። «ለእናንተ ብዬ ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ ለዚያም ነው ልቆጣው ያልቻልኩት። ወኪሉን ልቆጣ ስልኩ አይነሳም። መርከቡን ልቆጣ የት እንዳለ አላውቅም። ንዴቴ መሄጃ አጥቶ እስከ ዛሬ እኔው ጋ አለ፤ ጀልባው ላይ አንዳንድ እንግዳ ያለ ጥፋቱ ይቀምሰዋል።

ቤቱን ለማውረድ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም። ጥሩ ጥሩው ለአጥር ሄደ፤ ሌላው ማገዶ ሆነ። እናቴ ቆማ አየችው፤ አላለቀሰችም። አባቴና እህቴ ቦታው ላይ ባለ ቆርቆሮ ክፍል ማቆም ሲጀምሩ እኔ እሷን ይዤ ወረድኩ።

አሁን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር በተከራየኋት ክፍል ከእኔ ጋር ትኖራለች። ሙቀቱ ይጎዳታል። ለደጋ የተሠራ ሰውነት ነው፤ ቀን ቀን ነጠላዋን ውኃ ነክራ ራሷ ላይ ታደርጋለች። ግቢው የተማሪ ግቢ ነው፤ ከየአገሩ የመጡ ልጆች ናቸው፣ ቋንቋዋን አያውቁም። ሲያልፉ «እማማ እንዴት ዋሉ» ይሏታል፤ እሷም በምታውቃት ጥቂት አማርኛ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች።

ባለፈው ዶርዜ የተጀመረው ክፍል አለቀ፤ ጭቃው ተመርጓል፣ በሩ ተገጥሟል፣ አልጋም ገብቷል። እህቴ ደውላ እማዬን አምጣት አለችኝ። ምሽት ላይ ሻይ አፍልቼ አጠገቧ ተቀመጥኩና ቤትሽ አልቋል፣ ቅዳሜ ልውሰድሽ አልኳት። ጎረቤቶችሽ አሉ፣ ቤተ ክርስቲያንሽ አለ፣ ብርዱም ይስማማሻል አልኳት።

ሻይዋን ጨርሳ ብርጭቆውን አጠገቧ አስቀመጠች።

«እዚያ ብሄድ፣» አለችኝ፣ «ጎረቤት ሁሉ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ይለኛል። እኔም ቤቴ ላልሆነው አሜን ማለት ሊኖርብኝ ነው። እዚህ የሰው አገር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ አሜን በይ የሚለኝ የለም። እዚሁ ልሙት።»