ነጭ ጫማ አድርጎ የመጣው እጩ

ልጄ ብሌን ባለፈው ቅዳሜ ከምግብ ቤታችን ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጣ፣ ስልኳ ላይ ወንዶችን በጣቷ ስትገፋ ያዝኳት። ወደ ግራ የተገፋ ተጣለ፣ ወደ ቀኝ የተገፋ ታጨ ማለት ነው አሉ። "ይሄ ቁመቱ ጥሩ ነበር፣ ግን አሳሳቁ..." ትላለች፤ ሰውዬው ይሄዳል። "ይሄኛው ስለራሱ ብቻ ነው የሚያወራው" ትላለች፤ እሱም ይሄዳል። ሽንኩርቴን ከትፌ እስክጨርስ የናይሮቢን ጎረምሳ ግማሹን አባረረችው።

"እማዬ፣ አንቺ ግን አባዬን በምን መረጥሽው?" አለችኝ በመጨረሻ።

"በጫማው" አልኳት። የምቀልድ መስሏት ሳቀች።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እዚሁ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ነበርን። አባቴ ስኳርና ዱቄት በሎሪ ወደ ገጠር ያወጣል፤ ሲመለስ ፍየል ጭኖ ይመጣል። የዚያን ጊዜ የሚገፋ ወንድ በስልክ አልነበረም፤ እትዬ ብርቄ ነበረች። አክስቴ ናት። ናይሮቢ ያለ ያላገባ ሐበሻ ሁሉ ከነእናቱ ስም በቃሏ ነው። አንድ ቀን ፎቶ ይዛ ከተፍ አለች። ሸንቃጣ ልጅ ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ መኪና ተደግፏል። መኪናው የሰው መሆኑን ያወቅኩት ኋላ ነው። ሰለሞን ይባላል፣ ናይሮቢ የመለዋወጫ ሱቅ አለው ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች መጡ፤ አባዬም "ለሚመጣው እሑድ ቃል እንሰጣለን" አላቸው። በእኛ ቤት ደግሞ ቃል ከተሰጠ ወዲያ መመለስ የለም። ድምፁን እንኳ ሰምቼ ለማላውቀው ሰው ልዳር ነው! ንድድ አልኩ።

አባዬ ግን አንድ ደንብ ነበረው። ሰውዬውን በሎሪ ይዞ ኡራን፣ በረሃው መሃል እስካለችው መንደር ድረስ ሳይሄድ ከማንም ጋር ሽርክና አይገባም። "ሱቅ ውስጥ ሁሉም ጨዋ ነው፤ የሰው አመል የሚወጣው መንገድ ላይ ነው" ይል ነበር። በዚያች መንገድ ስንቱን ነጋዴ አይቶ ትቶታል! ይህ ትዝ ሲለኝ ምሳ ላይ አፌን መያዝ አልቻልኩም።

"አባዬ፣ ለፍየል ንግድ ሸሪክ ስትመርጥ ኡራን ይዘኸው ትሄዳለህ። እኔ የዕድሜ ልክ ሸሪኬን በፎቶ ልምረጥ?"

"በስመ አብ! ዓይን አውጣ!" ብላ እትዬ ብርቄ አማተበች። አባዬ የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ። ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

"እውነቷን ነው። ይጠራ ልጁ!" አለ።

ሰለሞን መጣ፤ ነጭ ጫማ አድርጎ! በበጋ፣ ለኡራን መንገድ፣ ነጭ ጫማ! ሾፌራችን ጋልጋሎ ከላይ እስከ ታች አየውና "ፖሌ ሳና፣ አይዞህ ወንድሜ" ብሎ ከንፈሩን መጠጠለት። እኔን ጋቢና ውስጥ በአባዬና በጋልጋሎ መሃል አስቀመጡኝ፤ ሙሽራ ተብዬው ከኋላ፣ ዱቄት ጆንያ ላይ ተሰቀለ። አቧራው እንደ በርበሬ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ገና ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ሎሪው የደረቀ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ተቀበረ።

አባዬና ጋልጋሎ ጎማውን ሊቆፍሩ ወረዱ፤ እኔ ቅርንጫፍ መልቀም ጀመርኩ። ዞር ስል ሰለሞን ቢጫውን ጄሪካን አዘንብሎ ጫማውን ያጥባል። ቀኙን ጨርሶ ወደ ግራው አልፏል።

"ኧረ ሰውዬ! የመጠጥ ውሃችን እኮ ነው! ሌላ የለንም!" ብዬ ጮህኩ።

ፊቱ አመድ መሰለ። ጄሪካኑን ቢያዘነብለው ጠብ የሚል ነገር የለም። አባዬ ጠጋ ብሎ "በቃ፣ አለቀ። የውሃን ዋጋ የማያውቅ ልጄን አያገባም" አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ተገላገልኩ ማለት ነው። እኔ ግን ሰውዬውን አያለሁ። ሰበብ አልደረደረም። "ማን ነገረኝ?" አላለም። ጋልጋሎን በስዋሂሊ ቅርብ ውሃ የት እንዳለ ጠየቀው፤ ጋልጋሎም የቦረናዎቹን ጉድጓድ በአገጩ አመለከተው። ባዶውን ጄሪካን አንጠልጥሎ በዚያ ፀሐይ ሄደ።

ቆፈርን፣ ቅርንጫፍ ጎዘጎዝን፣ ገፋን። ሎሪው ወጣ፤ ሰለሞን ግን የለም። "ሸሽቷል" አለ አባዬ። ምላሴ ደርቋል፤ ልቤ ግን ይምጣ፣ ይምጣ ይል ነበር።

መጣ! ጄሪካኑን ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ነጩ ጫማ በጭቃና በእበት ተለውሶ። ከብቶቹ ጠጥተው ተራው እስኪደርሰው ከእረኞቹ ጋር ተሰልፎ ውሃ ሲያወጣ ቆይቷል፤ መዳፉ ተልጧል። መጀመሪያ ለጋልጋሎ ቀዳ፣ ቀጥሎ ለአባዬ፣ ከዚያ ለእኔ። ኩባያውን ሲሰጠኝ፣

"እኛ ቧንቧ ስንከፍት ነው የምናየው። ዛሬ ከየት እንደሚመጣ አየሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ" አለ። የራሱን የጠጣው መጨረሻ ላይ ነው።

"አባዬ፣ ሸሪኬን አግኝቻለሁ" አልኩ።

"ይሄ? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ልጄ!"

ሙሉውን ጄሪካን በእጄ መታ መታ አደረግኩት። "ይኸው ታፍሶ መጣ አይደል?"

አባዬ ጄሪካኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ። እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቃሉን የሰጠሁት እኔ ራሴ ነኝ፤ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እትዬ ብርቄ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ኋላም "እኔ ነኝ የመረጥኩላት" እያለች ሰፈሩን አዳረሰች። ትበል! እኔና ኡራን እናውቃለን።

ብሌን ሰምታ ስትጨርስ ስልኳን ባንኮኒው ላይ ደፋችው።

"አሁን እኮ አስፋልት ገብቷል እማዬ። ሎሪ የት ይቀበራል?" አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ "ያልገፋሁት አንድ ልጅ አለ" አለችኝ።

ስልኳን አልጠላውም። ከእትዬ ብርቄ ይሻላል፤ ቢያንስ እምቢ ሲሉት አያኮርፍም። መምረጧም ያኮራኛል፤ እኔ ተሟግቼ ያገኘሁት ለእሷ በእጇ ነው። ግን ፎቶ ውሃ አይጠማውም። ልጁ ሲጠማ፣ ሲሳሳትና ሲክስ ልታየው ይገባል።

"ጥሪው" አልኳት። "የቧንቧ ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ይምጣ።"

ጓሮ በርሜል እየሞላ የነበረው ሰለሞን ለካ ሁሉንም ይሰማል።

"ነጭ ጫማ አድርጎ እንዲመጣ ንገሪያት!" ብሎ ጮኸ።