«ኩሉ ኣሎ» የተባለው ዕቃ

ነገር መቆፈር የምወድ ሴት ነኝ። እናቴ፣ አላህ ይዘንላት፣ «አንቺ ሰፌድ ቢሰጡሽ ስንጥሩን ትቆጥሪያለሽ» ትለኝ ነበር። ከወሎ አግብቼ አስመራ ከመጣሁ በኋላም አመሌ አልለቀቀኝም። ገዛ ባንዳ በሚባለው ሰፈር ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ሻሂ ቤት ከፍተን ነበርና የምጠይቀው ሰው አላጣሁም።

ባለቤቴ ግን የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ሻሂውን በቀኝ እጁ ይቀዳል፤ ግራ እጁ ከጃኬቱ ኪስ አይወጣም። ቀድሞ ተቀጥሮበት የነበረው የፓስታ ፋብሪካ ማሽን ትንሿን ጣቱን ወስዶበታል። ጣት የሌለው ሠራተኛ በከተማው ሞልቷል፤ የእሱ ክፋቱ ክራር መቺ መሆኑ ነው። የእሱ ክራር አምስት ክር ነበረው። የግራ እጅ አምስት ጣቶች ከኋላ ገብተው እያንዳንዳቸው አንድ ክር ይጠብቃሉ፤ ቀኝ እጅ ሁሉንም ሲገርፍ፣ ዝም ማለት ያለበትን ዝም ያሰኙታል። ትንሿ ጣት ከሄደች ወዲህ አንዱ ክር ጠባቂ አጥቶ ባልተጠራበት ሁሉ ይጮህ ጀመር። አንድ ሁለቴ ሞከረና ክራሩን ደሴ ላለው ወንድሙ በመንገደኛ ላከው። ከዚያ በኋላ ማንጎራጎርም ተወ። ጣቱን ለምጄዋለሁ፤ ዝምታውን መልመድ ግን አቃተኝ።

ከደንበኞቻችን አንዱ አሜሪካኖቹ ካምፕ ልብስ የሚያጥብ የአስመራ ሰው ነበር። አማርኛን በማታ ትምህርት የተማረ፣ ያጠረውን በትግርኛ የሚሞላ። አንድ ጠዋት በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ስንፈታው ጊታር የመሰለ፣ ከጊታር ያነሰ፣ ቀለሙ አውራ ጣት ብዙ ጊዜ ሲያሸው የተላጠ አሮጌ ዕቃ ነው። አገሩ የሚመለስ ወታደር ትቶለት መሄዱ ነው።

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ለአንተ ነው ያመጣሁት። ክራር ትመታ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ» አለው።

ባለቤቴ ክሮቹን ቆጠረ። አራት ናቸው።

«ይኸ ጎደሎ ነው» አለ።

«ኣይኮነን፣ አይደለም። እኔም ጎደሎ መስሎኝ አሜሪካዊውን በጣቴ እያሳየሁ ጠየቅኩት። ምን አለኝ መሰለህ? ‹ኩሉ ኣሎ!› ሁሉም አለ ማለት ነው። ስንት ጊዜ ልብሱን ሳጥብለት፣ ትግርኛ ማወቁን አንድ ቀን ሳይነግረኝ!»

ባለቤቴ አልሳቀም። ሰውየው ሲወጣ ጠብቆ «ለጎደሎ ሰው ጎደሎ ዕቃ» አለኝ። አናጢ ዘንድ ወስዶ አምስተኛ ክር ሊያስጨምርበት ቆረጠ። አምስተኛውን የሚጠብቅ ጣት ከየት ሊያመጣ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ «ሙሉ ይሁን፤ ከዚያ አልነካውም» ብሎ ዘጋኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የእኔ ባል ሞኝ ባይሆንም አያያዙ የወረቀት ነበር።

እሱ ደንበኛ ሲያስተናግድ ዕቃውን ጭኔ ላይ አድርጌ መረመርኩት። አናቱ ላይ አራት መጠምዘዣ አለ። ክሮቹ አንገቱን ሲጀምሩ የሚያልፉበት አራት ጭረት፣ ከታች የሚታሰሩበትም አራት ቦታ። የተደፈነ ቀዳዳ የለ፣ የተሰበረ ነገር የለ። ጥርስ ሲወልቅ እንኳ ድዱ ይመሰክራል፤ ይኸ ዕቃ ምንም አልመሰከረም። ሳላስበው አንዱን ክር በጣቴ ተጭኜ ብነካው ድምፁ ቀጠነ። ቦታ ለውጬ ተጫንኩት፤ አሁንም ሌላ ድምፅ። ደስታዬን ለማን ልንገር ብዬ ቀና ስል፣ ደንበኞች ሻሂ አምጪ ይሉኛል።

በማግስቱ ገበያ ደርሼ ስመለስ ባለቤቴም ዕቃውም የሉም። አናጢው ቤት ስደርስ መሰርሰሪያው የዕቃው አናት ላይ ተደግኗል።

«ቆይ ሓወይ፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አልኩት አናጢውን፣ ትንፋሼ እየተቆራረጠ።

ተቀበልኩትና እዚያው ቆሜ ያንኑ ክር እዚህም እዚያም እየተጫንኩ መታሁና ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። «ይኸው፣ አንዱ ክር ለብዙ ይሠራል። አምስተኛው ምን ሊያደርግልህ ነው?»

አናጢው መሰርሰሪያውን አስቀመጠ። «ሓቅኺ ኢኺ፣ ሓፍተይ፤ እውነትሽን ነው። የተበሳ እንጨት አይመለስም።»

ባለቤቴ ዕቃውን ወሰደብኝ። ግራ እጁን ሰው ፊት ከኪሱ ሲያወጣ መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው። እንደ ክራር ጣቶቹን ከኋላ ሊያስገባ ቢሞክር እንጨት ገጠመው።

«በር የለውም እኮ» አለ።

አናጢውና እኔ ሳቅን። እሱ ግን ጣቶቹን ወደፊት አዞረና አንዱን ክር ተጫነ። አዳመጠ። ደግሞ ሌላውን ተጫነ። ሻሂ ቤቱን ማን እንደሚጠብቅ ሁለታችንም ረሳነው።

የባቲ ቅኝትን ከእነዚያ አራት ክሮች ፈልጎ እስኪያወጣ ወራት ፈጀበት። የክራሩ ዓይነት ድምፅ አልነበረም፤ ወፈር ያለ፣ ጎልማሳ ሰው የሚያንጎራጉር የሚመስል ነበር። ዕቃው ዩኩሌሌ እንደሚባል፣ ከዘሩም ወፍራም ድምፅ ያለው ባሪቶን የተባለው እንደሆነ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስሙን የሰማሁ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ፤ ለካ ወታደሩ የተናገረው ‹ኩሉ ኣሎ› ሳይሆን የዕቃውን ስም ኖሯል።

ያኔ ግን ማናችንም አናውቅም። አንድ ከሰዓት ሻሂ ቤቱ ሞልቶ ባለቤቴ ሲመታ ልብስ አጣቢው ገባ። ቆሞ እስኪጨርስ ጠበቀና፣

«እንታይ ደኣ፣ ምን ተገኘ ታዲያ፣ አምስተኛው ክርስ ተገኘ?» አለው እየቀለደ።

ባለቤቴ ግራ እጁን ከክሮቹ ላይ አነሳ። አራቱን ጣቶች ዘርግቶ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አደረገና፣

«ኩሉ ኣሎ» አለ።