በሸክላው ውስጥ የሚስሉ ሰዎች

አባቴ ዜማውን ሳይጨርሱ አይስሉም ነበር። በደብራችን በቤተ ልሔም ድጓ ያስተምሩ ነበር፤ ሳሉ ከያዛቸው በኋላም ተማሪ ሲያስቀጽሉ፣ ዜማውን እየመሩ ሲያስደግሙ፣ ደረታቸውን በመዳፋቸው ተጭነው ማረፊያው እስኪደርስ ይጠብቁና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይስላሉ። ሰው ሁሉ ብርድ ነው ይል ነበር። ብርድ አለመሆኑ የታወቀው ደም ሲተፉ ነው። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ደብረ ታቦር አደረሳቸው፤ ከዚያ በመኪና ጎንደር ሆስፒታል ገቡ። አልተመለሱም። መቃብራቸውንም አላየሁም። ከዚያ ወዲህ ሰው «ጎንደር» ሲል ተነሥቼ እወጣለሁ።

እናቴ ንፋስ መውጫ ያሉ አንድ ዘመዳችን ዘንድ ላከችኝ። ዘመዳችን የጤና ጣቢያው ሐኪም ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት እንድሄድ፣ ከሰዓት በኋላ ሚስታቸውን በሥራ እንዳግዝ ተስማሙ። አራተኛን ጨርሼ ነበር፤ ስድስተኛን እስክጨርስ ምንም እንዳይነካኝ እመቤታችንን እለምናት ነበር። ከሰው ጋር መነጋገር አልችልበትም፤ ሲጠሩኝ «አቤት» ብዬ፣ ሲያዙኝ ሠርቼ፣ ሌላውን ጊዜ ዝም ብዬ እኖር ነበር።

ሐኪሙ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሸክላ ማጫወቻ ነበራቸው። ድንጋዩ ቶሎ እንዳያልቅ የሚከፍቱት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብቻ ነው። የጃንሆይ ሥዕል ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር አስቀምጠው፣ ሁላችንንም ሰብስበው ያሰሙናል። ያን ጊዜ ወጥቶ መግባት፣ በር ማንኳኳት፣ ዕቃ ማንቀሳቀስ የለም።

መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ደጅ በጀንዲ ቆዳ ላይ ገብስ አስጥቼ ነበር። ሙዚቃው ሲያልቅ ድንገት በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰማሁ። ገብሱ ተበላሸ ብዬ ዘልዬ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐዩ ይፋጃል። እሜቴ፣ የሐኪሙ ሚስት፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁብኝ። «በረዶው የሚዘንበው እቤት ውስጥ፣ አንቺ የምትሮጪው ደጅ» አሉኝ። እስከ ማታ ድረስ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

ሐኪሙ ግን አልሳቁም። ጭብጨባ መሆኑን ነገሩኝ። ሙዚቃው ሕዝብ በተሰበሰበበት ትልቅ አዳራሽ ሲጫወቱት እዚያው የተቀዳ ነው፤ አንድ ሰው ፊት ቆሞ ቫዮሊን በደጋን ይመታል፣ ሌሎቹ ኦርኬስትራ የሚባሉት ከኋላው ሆነው ይቀበሉታል። አንዱ ክፍል አልቆ ሁለተኛው እስኪጀመር ጥቂት ጸጥታ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሰው ይስላል። ሙዚቃው ሲሰማ መሳል ነውር ስለሆነ፣ ያፈነው ሁሉ ያን ጊዜ ይለቀዋል አሉ። ፈረንጆቹም እንደ አባቴ ማረፊያ እንደሚጠብቁ ሳውቅ ገረመኝ።

ሐኪሙ ያቺን ጸጥታ ከሙዚቃው እኩል ይወዷታል። ጆሯቸውን አዘንብለው፣ «ይኼኛው ትንባሆ አጫሽ ነው። ይኼ ጉሮሮው ደርቆበት ነው። ያኛው ምንም የለበትም፣ ሰልችቶት ነው» እያሉ በየሳላቸው ይመረምሯቸዋል። እሜቴ፣ «እዚያ ድረስ ሄደህ ሕመምተኛ ትፈልጋለህ?» ይሏቸዋል።

ክረምቱ ሲገባ ሳል ጀመረኝ። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ነበር፤ ኋላ ሌሊት ላብ እያሰጠመኝ እነቃ ጀመር። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሰው እንዳይሰማኝ እንጨት ላምጣ ብዬ ከጓሮ እሄዳለሁ፤ የንፋስ መውጫ ነፋስ ደግሞ ምንም ድምፅ አያስተርፍም። ነጠላዬን ከአፌ አነሣና አያለሁ። ደም የለውም። ነገም እንዳይኖረው እያልኩ እመለሳለሁ። ሐኪሙ ካወቁ ትምህርቱ ይቀራል፣ ጎንደር ይልኩኛል፣ እናቴም ሁለተኛ ለቅሶ ትቀመጣለች።

የሚያስፈራኝ እሑድ ነበር። ወጥቶ መሄድ የለ፤ ሐኪሙ ደግሞ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠዋል። ያኔ ዘዴ አገኘሁ። ደረቴን እንደ አባቴ በመዳፌ ተጭኜ እጠብቃለሁ። ዓይኔ ያብጣል፣ ጆሮዬ ይጮሃል፣ ሙዚቃውን አልሰማውም። ክፍሉ አልቆ በሸክላው ውስጥ ያሉት ሲስሉ አብሬያቸው እስላለሁ። አጫሹ ሲስል ከሥሩ ገብቼ እስላለሁ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ብዙ እሑድ እንዲሁ አለፈልኝ።

አንድ እሑድ ግን ከሳልኩ በኋላ ሐኪሙ ከወንበራቸው ተነሡና ሸክላውን አቆሙት። መርፌዋን ወደ ኋላ መልሰው ያችኑ ጸጥታ እንደገና አሰሙን። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ተቀመጥኩ። አጫሹ ሳለ፣ ጉሮሮው የደረቀው ሳለ፣ የሰለቸው ሳለ። ከዚያ ምንም የለም። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«እዚህ ላይ የሚስሉትን ሁሉ አውቃቸዋለሁ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሴት የለችባቸውም።»

መሬቱን አየሁ። እሜቴ የያዙትን ሰፌድ ቀስ ብለው አስቀመጡት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መልስ ልሰጥ ፈልጌ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ጌታዬ፣ ጎንደር አይላኩኝ» አልኩ።

ሐኪሙ ማዳመጫቸውን አምጥተው ጀርባዬ ላይ አደረጉት፤ ብረቱ እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ተንፍሺ አሉኝ፣ ያዢ አሉኝ፣ አሁንም ተንፍሺ አሉኝ። ሲጨርሱ ከፊቴ ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ። «አባትሽ ጎንደር የደረሱት ሳንባቸው ካለቀ በኋላ ነው። አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ ልትዘገዪብኝ ነበር?» አሉ። የተቆጡ ይመስላሉ፤ ነጠላዬን ግን ራሳቸው ትከሻዬ ላይ መለሱልኝ።

በማግሥቱ አክታዬን በትንሽ ጠርሙስ አድርገው፣ ስሜን ጽፈውበት፣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወርድ የጤና ጣቢያው ሰው እጅ ለጎንደር ላኩት። ስሜ ስላለበት የሄድኩት እኔው ራሴ መሰለኝ። መልሱ እስኪመጣ እህል አልወርድ አለኝ። እሜቴ ዋንጫዬን ለብቻው አደረጉት፤ መኝታዬም ከጤና ጣቢያው ዕቃ ቤት ሆነ። ሲያነጥፉልኝ ግን የራሳቸውን ጋቢ ደረቡልኝ። ሌሊት አይጥ ስትንኮሻኮሽ ሰዎቹ ቃሬዛ ይዘው የመጡ እየመሰለኝ እቀመጣለሁ።

መልሱ ሲመጣ ሐኪሙ በር ላይ ቆመው አነበቡት። «ትንሽ ነው፤ ግን አለ» አሉኝ። እዚሁ ሆኜ በየቀኑ መርፌ እንደምወጋ፣ ኪኒን እንደምውጥ፣ ሲሻለኝ ትምህርቴን እንደምቀጥል ነገሩኝ። «አንድ ቀን ከዘለልሽ ግን ራሴ በበቅሎ ጭኜ ጎንደር ነው የምወስድሽ።»

አልዘለልኩም። ከመርፌው ይልቅ በቅሎዋን ስለምፈራ ዶሮ ሲጮኽ ተነሥቼ በር ላይ እጠብቃቸዋለሁ።

እሑድ እሑድ ከቤት አልገባም፤ መስኮቱ ይከፈትልኝና ከውጭ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ያንኑ ሸክላ ከፈቱ። እንደ ልማዴ መዳፌን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ጸጥታው መጣ። በሸክላው ውስጥ ያሉት ሳሉ። ሐኪሙ በመስኮቱ አንገታቸውን አስግገው አዩኝ። ፈርቼ ጠበቅሁ፤ ሳሉ አልመጣም። እሳቸውም ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያ ሁለተኛው ክፍል ተጀመረ። እስከዚያ ቀን ድረስ፣ መጀመሪያ የሚስሉትን ስቆጥር፣ ኋላ ሳሌን ስውጥ፣ የዚህን ክፍል መጀመሪያ ልብ ብዬ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለካ ባለ ቫዮሊኑ ብቻውን ነው የሚጀምረው፤ ሌሎቹ ገና ዝም ብለው ይጠብቁታል። መዳፌን ከደረቴ ሳላነሣ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።