አማርኛ የማትችለው መምህርት

ሐዋሳ የመጣሁት በሃያ አራት ዓመቴ፣ እንግሊዝኛ ላስተምር ነው። ተወልጄ ያደግሁት ናይሮቢ ቢሆንም አባቴ ከቤታችን በር ወዲህ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አያስነግርም ነበር። ስለዚህ ስመጣ ያስቸገረኝ የባጃጅ መስመር እንጂ የሰው ንግግር አልነበረም። እንዲያውም ችግሬ በደንብ መቻሌ ሆነ።

ሐይቅ ዳር ያለው የግል ትምህርት ቤት ባለቤት ቃለ መጠይቁን በአማርኛ ከጨረሱ በኋላ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አድርገው፣ «እዚህ ግቢ ውስጥ ግን አማርኛ አትችዪም» አሉኝ። ለወላጆች «ከውጭ አገር መምህርት አስመጥተናል» ብለው ነበር፤ እኔ ደግሞ መልኬ የጎረቤት ልጅ ነው። ቢያንስ አፌ ባዳ ይምሰል ማለታቸው ነበር። «ልጆቹም እንደምትሰሚ ካወቁ እንግሊዝኛ አይተነፍሱም» ሲሉ ጨመሩ። ሥራውን በጣም እፈልገው ነበርና እሺ አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን የልብ ወዳጅ ሆነኝ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስለ አረማመዴ፣ ስለ ጸጉሬ፣ ለምን ባል እንዳላገባሁ እፊቴ ሲወራ ፈገግ ብዬ ደብተር አርማለሁ። ክፍል ውስጥም ጎበዝ ነበርኩ፤ ይህን ስናገር አላፍርም። ልጆቼ በሁለት ወር ውስጥ በእንግሊዝኛ ተጣልተው በእንግሊዝኛ ይታረቁ ጀመር። ከግቢው ስወጣ ግን አማርኛዬን እንደ ጃኬት መልሼ እለብስና ባህል አዳራሽ ሰፈር እስከተከራየኋት ክፍል ድረስ ከባጃጅ ሾፌሩ ጋር እየተቀላለድኩ እሄዳለሁ።

ከአራተኛ ክፍል ልጆቼ አንዷ ግን አሳሰበችኝ። ንግግሯ ከሁሉም ይበልጣል፤ ማንበብ ግን አትችልም። ጓደኞቿ ሲያነቡ ሰምታ ገጹን በቃሏ ትይዝና ጣቷን መስመሩ ላይ እያስኬደች ትወርደዋለች። ያልሰማችውን ገጽ ሳወጣላት ዝም ትላለች። እንዲህ ሆና አምስተኛ ክፍል ብትገባ ማንም እጇን ይዞ የሚመልሳት አይኖርም። ከትምህርት በኋላ በየቀኑ ላስጠናት ፈለግሁ። ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ስለሆነና ከሌሎቹ ልጆች ጋር በሰርቪስ ስለምትመለስ የእናቷ ፈቃድ ያስፈልገኝ ነበር።

ካርድ በሚሰጥበት ቀን እናቷ መጡ። ሁልጊዜ የምታስተረጉምልኝ ረዳት መምህርት ከሌላ ወላጅ ጋር ስለነበረች ልጅቷ ራሷ አስተርጓሚ ሆነች። እኔ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብዬ፣ ማንበብ እንደማትችልና ከእኔ ጋር መቆየት እንዳለባት ተናገርኩ። «ምን አለች?» አሉ እናቷ በአማርኛ። ልጅቷ ግራ ገብቷት ጫማዋን አየች፤ ከዚያ ቀና ብላ እሷም በአማርኛ፣

«ቲቸር በንባብ ከክፍሉ አንደኛ ነሽ አለችኝ» አለቻቸው።

«ምንም አይጎድላትም ወይ ብለሽ ጠይቂያት» አሉ እናቷ በአማርኛ።

ልጅቷ አሁንም ገርሟት ለአፍታ አየቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ «እናቴ መሄድ እንችላለን ወይ እያለች ነው» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ባለቤቱ ግን ከእኔ ሦስት ጠረጴዛ ርቀው ወላጆችን ይጨብጣሉ። አንድ የአማርኛ ቃል ካመለጠኝ ሥራዬ አበቃ፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ልጅቷ ማንበብ ሳትችል ትቀራለች። ዝም አልኩና ካርዱን ዘረጋሁላቸው። በራሴ የምተማመን ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ራሴን ናቅሁት።

እናትየው ካርዱን አልተቀበሉኝም።

«ቲቸር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቅዳሜ ገበያ አጠገቤ ቆመሽ፣ የላሸቀ ቲማቲም መረጥሽልኝ ብለሽ ሻጯን በአማርኛ ስታስጨንቂያት ነበር። እኛ ቤት የሚወራው ሲዳሙ አፎ ነው። ዛሬ ልጄን በአማርኛ ያናገርኳት አንቺ እንድትሰሚ ብዬ ነው። ማንበብ እንደማትችል አውቃለሁ፤ እናቷ ነኝ። እሷ የዋሸችው ፈርታ ነው። አንቺስ?»



«እኔም ፈርቼ ነው» አልኳቸው በአማርኛ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። «ልጅዎ ማንበብ አትችልም። እርስዎ ከፈቀዱ ከሰኞ ጀምሮ ከእኔ ጋር ትቆይ፤ ቤት ድረስ እኔ አደርሳታለሁ። ክረምት ሳይገባ ታነባለች።»

ረዳቷ መምህርት ስለ እኔ ያወራችው ሁሉ ትዝ ብሏት መሰለኝ አፏን በእጇ ያዘች። ባለቤቱ አንድ አባት እንደጨበጡ ቀሩ። ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ እናቷ በአንድ እጃቸው ትከሻዋን አቅፈው በሌላው ካርዱን ተቀበሉኝ።

«ሰኞ» አሉኝ።

ባለቤቱን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ከዚያ ቀጣዩን ወላጅ በአማርኛ ጠራሁ።